በሂማላያ ተራራ ስላለው ስለ ቢንሳር ደን፥ ስለ አራዊቱና ስለ ምንጩ

ይህ የቤተ ሰብ ገጽ ዘወትር የሚጽፈው ስለ ልጆች አስተዳደግ፥ ስለ ጓዳና ስለ ቤት አያያዝ ስለ ሆነ፥ ዛሬ ስለ ሩቅ አገር ደን ለመናገር ስንነሣ «ደንና አውሬ ለአዳኝ ነው እንጂ ለእመቤት ምን ይረባታል» የሚል ሰው እንደማይጠፋ እናውቃለን። ነገር ግን የእንስራው ውኃ ከወዴት እንደ መጣ፥ የምድጃው ፍልጥ ከየት እንደ ተለቀመ፥ የላሚቱ መኖ ከየትኛው ጋራ እንደ ታጨደ የጠየቀ ሰው መልሱን ከቤቱ ውስጥ አያገኘውም፤ ከቤቱ በላይ ከቆመው ዛፍ ያገኘዋል። ይህንንም በግልጥ ለማሳየት በሕንድ አገር በሂማላያ ትከሻ ላይ ካለው ከቢንሳር ደን የተሻለ ምሳሌ አላገኘንም። በዚህ ጽሕፈት የምንጠራው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ቢንሳር በሰሜን ሕንድ፥ ዛሬ ኡታራካንድ በሚባለው ግዛት፥ ኩማኦን በሚሉት ደጋ ውስጥ የሚገኝ ጋራ ነው። ከአልሞራ ከተማ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ግርጌው ከባሕር ወለል በላይ 900 ሜትር ገደማ ሲሆን ጫፉ 2400 ሜትር አልፎ ይወጣል፤ ስለዚህ እግረኛ ሰው ከቆላ ተነሥቶ በአንድ ቀን ጉዞ ደጋ ይገባል። ዝናሙ አልፎ ሰማዩ በጠራ ጊዜ ከጫፉ ላይ የቆመ ሰው በረዶ የለበሱትን ታላላቆቹን ተራሮች በአንድ ረድፍ ያያቸዋል። ከእነርሱም መካከል ቁመቱ 7816 ሜትር የሆነው ናንዳ ዴቪ፥ እንደ ሦስት ጣት ጦር የቆመው ትሪሹልና አምስት ራስ ያለው ፓንቻቹሊ ይገኛሉ።

ከእንግሊዞች በፊት ኩማኦንን ይገዙ የነበሩት የቻንድ ነገሥታት ሙቀት ሲበረታባቸው ወደዚህ ጋራ ይወጡ እንደ ነበር ይነገራል፤ በዛፉ መካከል የሚገኘውም የሺቫ ቤተ መቅደስ የእነርሱ መታሰቢያ ነው። እንግሊዞችም በተራቸው ሲገዙ፥ ከ1856 እስከ 1884 የኩማኦን አገረ ገዥ የነበረው ሰር ሄንሪ ራምዚ በዚሁ ጋራ ላይ ቤት ነበረው። መልካም አየርና መልካም ውኃ ያለበትን ስፍራ ለይቶ የሚያውቀው የገዢዎች ዐይን በየትም አገር አንድ ነው። በመጨረሻም በ1988 ስፍራው የዱር አራዊት መጠለያ እንዲሆን በአዋጅ ተከለለ። ስፋቱ 47 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ይህም ነብርንና ድብን ያህል እንግዳ ለማሳደር ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ከታች እስከ ላይ በየከፍታው ሌላ ዛፍና ሌላ ወፍ ስላለ፥ የጋራው ቁመት የስፋቱን ማነስ ይክሰዋል።

የቢንሳርን ነገር ለማስተዋል የሁለት ዛፎችን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል።

ፊተኛው በአገሬው ቋንቋ ቺር የሚባለው ነው። ከሩቅ ላየው ሰው የእኛን ጥድ ይመስላል፤ ቀርቦ ለመረመረው ግን ቅጠሉ እንደ መርፌ ቀጭን፥ እንደ ስንዝር ረጅም፥ ከአንድ ቦታ ሦስት ሦስት ሆኖ የሚወጣ ነው። ይህ ዛፍ የጋራውን የታችኛውን ክፍል ይዟል። ግንዱ ቀጥ ብሎ የሚያድግ ስለ ሆነ ለሣንቃ፥ ለቤት ማገርና ለባቡር ሐዲድ መደብ ይፈለጋል፤ ግንዱን በጫሩት ጊዜ ከሚወርደው ሙጫም ለቀለም ሥራ የሚያገለግለው ተርፐንታይን ይወጣል። ይህ ሁሉ በጎ ነው። ነገር ግን ከዛፉ ሥር የሚረግፈው የደረቀ ቅጠል፥ ፒሩል የሚሉት፥ ከብት የማይበላው፥ ቶሎ የማይበሰብስ፥ እግርን የሚያንሸራትት ምንጣፍ ነው። ሙጫ ስላለበትም በበጋ ወራት አንዲት ፍንጣሪ ካገኘች እንደ ክብሪት ይቀጣጠላል። ትልቁ ቺር ራሱ ወፍራም ቅርፊት ስላለው እሳቱ ሲያልፍ ቆዳው ጠቍሮ ነፍሱ ትተርፋለች፤ ከዚያም በተቃጠለው ባዶ መሬት ላይ የእርሱ ዘር ከሌላው ቀድሞ ይበቅላል። ለጎረቤቱ ጥፋት የሆነው ለእርሱ ርስት ማስፊያ ነው።

ሁለተኛው ዛፍ ባንጅ ይባላል፤ ፈረንጆች ኦክ ከሚሉት ወገን ነው። እርሱ የላይኛውን ደጋ ይዞ ይኖራል። ቅጠሉ በላይ በኩል አረንጓዴ፥ በታች በኩል አመድማ ነጭ ስለ ሆነ ነፋስ ሲነካው ጋራው በሙሉ መልኩን የሚለዋውጥ ይመስላል። ዓመቱን ሙሉ ቅጠል አይለየውም። ግንዱ ጠማማ፥ ዕድገቱ ዝግተኛ ነው፤ ቅርንጫፉም ሽበት በመሰለ ነገርና በልዩ ልዩ ተቀጥላ የተሸፈነ ነው። ነጋዴ ቢያየው ብዙ አይደሰትበትም፤ ሣንቃ አይሆነውምና። ለባላገር ግን ፍልጡ ፍሙ የሚቈይ ማገዶ ነው፤ እንጨቱ ጠንካራ ስለ ሆነ ለሞፈርና ለዶማ እጀታ ይሆናል፤ ለምለም ቅጠሉ ሣር በሚጠፋበት በክረምቱ ብርድ ለላም መኖ ነው፤ የረገፈው ቅጠል ደግሞ በስብሶ ጥቁር አፈር ይሆናል። በባንጅ መካከል ቡራንሽ የሚባል ሌላ ዛፍ ይገኛል፤ ብርዱ ሊያልቅ ሲል ጋራውን በቀይ አበባ ያለብሰዋል፤ የአገሩም ሴቶች አበባውን ጨምቀው ጣፋጭ መጠጥ ያደርጉታል።

እኛ ይህን ጉዳይ ስንመረምር በልባችን ቺርን የግምጃ ቤት ዛፍ፥ ባንጅን ደግሞ የእናቶች ዛፍ ብለን ሰየምናቸው፤ ከዚህ በኋላ የምንናገረውን ለመረዳት ይህ ስያሜ ይረዳል ብለን እናምናለን።

አሁን ወደ አራዊቱ እንመለስ፤ በዚህ ሳምንት ጋዜጣውን ከአባቶቻቸው እጅ ለመንጠቅ የሚጠብቁ ልጆች የሚፈልጉት ይህንን ነውና።

የጋራው አለቃ ነብር ነው። ይህ ነብር በእኛ አገር ካለው ነብር ጋር አንድ ዘር ነው፤ ነጠብጣቡ፥ ተንኰሉ፥ ለውሻ ሥጋ ያለው ፍቅር እንኳ አልተለወጠም። የቢንሳር መንደሮች ውሻቸውን ማታ ከቤት የሚያስገቡት ለእርሱ አዝነው ብቻ ሳይሆን፥ ውሻ የለመደ ነብር ወደ ደጃፍ መመላለስ እንዳይለምድ ብለውም ነው። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በዚሁ በአልሞራ አውራጃ «የፓናር ነብር» የተባለ አንድ አውሬ 400 ያህል ሰው እንደ ፈጀ ይነገራል፤ በ1910 ጂም ኮርቤት የተባለው ስመ ጥር አዳኝ ገደለው። ይህ ኮርቤት በኋላ ዘመኑ ጠመንጃውን ሰቅሎ አራዊትን በሥዕል መሣሪያ ማንሣትን መረጠ፤ ስለ ደንና ስለ አራዊት ጥበቃም ሲናገርና ሲጽፍ ኖሮ በ1955 በጎረቤታችን በኬንያ አገር ዐረፈ።

ከነብር ቀጥሎ ድብ አለ። ድብን እኛ የምናውቀው ከመጽሐፍ ብቻ ነው፤ ዳዊት በእረኝነቱ የገደለው፥ በነቢዩ በኤልሳዕ የተዘባበቱትን ልጆች ከዱር ወጥቶ የሰባበረው አውሬ ነው። ቄስ ትምህርት ቤት ሳለን መልኩን የኔታን ብንጠይቃቸው «እንደ ትልቅ ጅብ ያለ ነው» ብለውን ነበርና፥ እስከ ጐልማሳነታችን ድረስ ያንን አምነን ኖርን። እንዲህስ አይደለም። የቢንሳር ድብ ጠጕሩ ጥቁር፥ ደረቱ ላይ እንደ ጨረቃ ማጭድ የሆነ ነጭ ምልክት ያለበት፥ በሁለት እግሩም መቆም የሚችል ነው። የባንጅ ፍሬ በሚደርስበት ወራት ከባድ ሰውነቱን ይዞ ከዛፍ ላይ ይወጣል፤ ቅርንጫፉን ወደ ራሱ እየሳበና እየሰበረ ፍሬውን ከበላ በኋላ፥ የተሰበረው ቅርንጫፍ ከሥሩ ተከማችቶ እንደ ታላቅ የወፍ ጎጆ ሆኖ ይቀራል።

ጎራል የሚባል ፍየል መሳይ እንስሳ በገደሉ ላይ ይኖራል። ካካር የሚባለው ትንሽ ዋላ ደግሞ ነብር የሸተተው እንደ ሆነ እንደ ውሻ ይጮኻል፤ ደኑም ሁሉ በእርሱ ጩኸት ይነቃል። ላንጉር የሚባለው ጦጣ ፊቱ ጥቁር፥ ጠጕሩ አመድማ፥ ጅራቱ ከሰውነቱ ይልቅ የረዘመ ነው፤ የእኛን ጉሬዛ ያየ ሰው ዘመዱ መሆኑን አያጣውም። ጃርትና የዱር አሳማም ሞልተዋል፤ ስለ እነዚህ ስለ ኋለኞቹ የገበሬውን ስሞታ ወደ ታች እንናገራለን። ማታ ማታ በራሪ ሽኮኮ ይወጣል፤ ስሙ በራሪ ይባል እንጂ ክንፍ የለውም፤ በእጁና በእግሩ መካከል ያለውን ቆዳ እንደ ነጠላ ዘርግቶ ከዛፍ ወደ ዛፍ ይንሳፈፋል። የወፉ ወገን ከ200 ይበልጣል። ካሊጅና ኮክላስ የሚባሉ የዱር ዶሮዎች ቅጠል ሲጭሩ ይሰማሉ፤ ግንደ ቆርቁር ሲቀጠቅጥ ይውላል። በዚያ ተራራ አገር ሰማይ ላይ፥ በሰሜን ተራራችን እንደምናየው፥ አጥንት ወደ ላይ ወስዶ ከቋጥኝ ላይ እየጣለ ሰብሮ የሚበላው ባለ ጢሙ ጥንብ አንሣ ይዞራል።

ዝምድናው በዚህ አያበቃም። የወተት ዕቃችንን የምናጥንበት ወይራ ከአፍሪካ ተነሥቶ በዓረብ አገር በኩል እስከ ምዕራብ ሂማላያ ግርጌ ድረስ የሚበቅል ዛፍ ነው። የኩማኦን ባላገር ማንዱዋ እያለ በእርከኑ ላይ የሚዘራውና ልጆቹን የሚያሳድግበት እህል ደግሞ የእኛው ዳጉሳ ነው። ሊቃውንት ዳጉሳ በመጀመሪያ የተለመደው በምሥራቅ አፍሪካ ደጋ መሆኑን፥ ወደ ሕንድም በጥንት ዘመን መሻገሩን ያስረዳሉ። ከማን እጅ ወደ ማን እጅ እንደ ተላለፈ የጻፈ ባይኖርም፥ አንድ ሰው አንድ ቍና ዘር ይዞ ባሕር ሳይሻገር አልቀረም።

ዳጉሳውን ካነሣን ዘንድ፥ በቢንሳር ዙሪያ ያለች አንዲት የቤት እመቤት ቀኗን እንዴት እንደምታሳልፈው እንናገር። ወንዱ ብዙውን ጊዜ ወደ ቆላው ከተሞች ለሥራ ወይም ወደ ጦር ሠራዊት ስለሚሄድ የቤቱ ምሰሶ እርስዋ ናት። ጎሕ ሲቀድ ማጭድዋንና ገመድዋን ይዛ ወደ ደን ትወጣለች። የባንጅ ቅጠል ቈርጣ፥ በጀርባዋ ተሸክማ፥ ከሩቅ ሲያይዋት ቍጥቋጦ በእግሩ የሚሄድ እስኪመስል ድረስ ተሸፍና ትወርዳለች። ላሚቱ ከቅጠሉ ትበላለች፤ የረገፈውና የተረፈው ከእግርዋ ሥር ተጐዝጕዞ ከእበቱ ጋር ፍግ ይሆናል፤ ፍጉ ወደ እርከኑ ይወጣል፤ እርከኑ ዳጉሳውን ይሰጣል፤ ዳጉሳው ቂጣ ሆኖ ከልጁ እጅ ይደርሳል። እንግዲህ ከዚህ ሰንሰለት ባንጅን ያወጣ ሰው ምን እንዳወጣ ያስተውል። የቺር ቅጠል በዚህ ሁሉ ውስጥ ስፍራ የለውም፤ ላሚቱ አትነካውም።

ውኃውም እንዲሁ ነው። በዚያ አገር ዝናም ከሰኔ እኩሌታ ጀምሮ እስከ መስከረም ድረስ ይወርዳል፤ ከዚያ በኋላ ሰው የሚኖረው ምድር ባስቀመጠችለት ውኃ ነው። በባንጅ ሥር ያለው አፈር ጥልቅና ለስላሳ ስለ ሆነ ዝናሙን እንደ ጥጥ ጠጥቶ በቀስታ ይለቀዋል። እሳት በየዓመቱ በሚልሰው የቺር ቍልቍለት ላይ ግን ውኃው መሬቱን አጥቦ ወደ ወንዝ ይሮጣል። የቀድሞ ሰዎች ምንጭ ከሚፈልቅበት ላይ በተጠረበ ድንጋይ፥ ደረጃ ያለው፥ ጣራም የተደፋበት ትንሽ የውኃ ቤት ይሠሩ ነበር፤ ናውላ ይባላል። አዲስ ሙሽራ ወደ ባልዋ መንደር በገባች ጊዜ ወደ ምንጩ ተወስዳ ለውኃው ክብር ትሰጣለች፤ ከዚያች ቀን ጀምሮ ዕድሜዋን ሙሉ የምትመላለስበት ደጅ መሆኑን ታውቀዋለችና። ዛሬ ከእነዚህ ምንጮች ብዙዎቹ እየደረቁ ናቸው። በ2018 የሕንድ መንግሥት የዕቅድ ጉባኤ ባወጣው ጽሕፈት በሕንድ ሂማላያ ካሉት ምንጮች ግማሽ ያህሉ እየደረቁ መሆናቸውን ገልጧል። ምንጭ ሲደርቅ ጕዳዩን በመጀመሪያ የሚያውቀው ሹም አይደለም፤ እንስራዋን ይዛ ወደ ሌላ ሸለቆ የምትወርደው ሴት ናት።

እውነቱን መደበቅ አይገባንምና፥ ማጭድ የያዘችውም እጅ ከበደል ንጹሕ አይደለችም። የባንጅ ቅርንጫፍ ከመጠን በላይ ከተቈረጠ ዛፉ ፍሬ አይሰጥም፤ በቡቃያውም ላይ ከብት ከተሰማራ አዲስ ዛፍ አይተካም፤ በባዶው ስፍራ ቺር ይገባል። ይህን ሳይናገሩ መንግሥትን ብቻ የሚወቅሱ ጸሐፊዎች አሉ፤ እኛ ግን ከእነርሱ ጋር አንስማማም።

ይሁን እንጂ የመንግሥት እጅ የሠራችው ደግሞ ቀላል አይደለም። እንግሊዞች ከ1911 እስከ 1917 ባለው ጊዜ የኩማኦንን ደን ከለሉት፤ የማን ከብት የት እንደሚሰማራ፥ ማን ስንት ሸክም እንጨት እንደሚወስድ በመዝገብ ጻፉ፤ በቀድሞ ልማዱ የሚያጭደውንም ሰው ወንጀለኛ አደረጉት። ጥበቃቸውም ይልቁን ለቺር ነበር፤ ሙጫውና ሣንቃው ገንዘብ ያገባልና። በዚህም ላይ ባላገሩ የሹማምንትን ጓዝ ያለ ፈቃዱ እንዲሸከም የሚያስገድድ ልማድ ነበረ፤ የተረኛውም ስም በየመንደሩ በመዝገብ ይያዝ ነበር። በጥር ወር በ1921 ሕዝቡ ለዓመት በዓል በባገሽዋር በተሰበሰበ ጊዜ፥ በአልሞራ የጋዜጣ አዘጋጅ የነበረው ባድሪ ዳት ፓንዴ ባለበት፥ የየመንደሩ አለቆች እነዚያን መዝገቦች አምጥተው ሳርዩ ከሚባለው ወንዝ ጣሏቸው። ዕድሜያችንን በመዝገብና በቀለም መካከል ያሳለፍን እኛ ይህን ባነበብን ጊዜ በመጀመሪያ እጃችን ደነገጠ፤ መዝገብ ሲጠፋ ማየት ለጸሐፊ ልጅ ሲሞት እንደ ማየት ነውና። ሁለተኛ ስናስበው ግን በዚያ ወንዝ የሰጠመው የሰው ትከሻ ዝርዝር መሆኑን አስተዋልን፤ አላዘንንም።

በዚያው ዓመት በጋ ደኑ በብዙ ስፍራ ተቃጠለ፤ ያቃጠሉትም የተቈጡት ባላገሮች ነበሩ። አንባቢዎቻችን ልብ እንዲሉልን የምንፈልገው ግን ምን እንደ ተቃጠለ ነው። ነገሩን የመረመሩ የታሪክ ሰዎች እንደሚያስረዱት እሳቱ የተለቀቀው መንግሥት ለንግድ በያዘው በቺር ደን ላይ ነው፤ ባንጅና እርሱን የመሰሉት ሰፋፊ ቅጠል ያላቸው ዛፎች ያሉበት ደን ሆን ተብሎ ለመቃጠሉ ማስረጃ አልተገኘም። ያ ሕዝብ በቍጣው እንኳ የግምጃ ቤቱን ዛፍ ከእናቶች ዛፍ ለይቶታል። መንግሥቱም ስሞታውን የሚሰማ ጉባኤ በዚያው በ1921 አቆመ፤ ከብዙ ክርክርም በኋላ በ1931 መንደሮች የራሳቸውን ደን በራሳቸው ሸንጎ እንዲያስተዳድሩ የሚፈቅድ ደንብ ወጣ። እነዚህ የደን ሸንጎዎች እስከ ዛሬ ድረስ አሉ። እንዲሁም በኩማኦን ጎረቤት በጋርዋል፥ በሬኒ መንደር፥ በመጋቢት 26 ቀን 1974 ወንዶቹ ከመንደር ራቅ ብለው ሳሉ የዛፍ ቈራጮች በመጡ ጊዜ፥ ጋውራ ዴቪ የተባለች ባልዋ የሞተባት እናት 27 ሴቶች አስከትላ ከዛፎቹ ጋር ቆመች፤ ቈራጮቹም ሳይቈርጡ ተመለሱ።

እንግዲህ ወደ 1988ቱ አዋጅ እንመለስ። አዋጁ ክፉ ነበር ብለን አንጽፍም። ያ ክልል ባይኖር ኖሮ በዚያ ጋራ ላይ ዛሬ የምናየው የባንጅ ደን ቦታ በቦታ የእንግዳ ማረፊያ ቤት በሆነ ነበር፤ ነብሩና ድቡም ማደሪያ ባጡ ነበር። ነገር ግን በክልሉ ውስጥና ዙሪያ መንደሮች ነበሩ፤ ዛሬም አሉ። አውሬ መግደል በሕግ የተከለከለ ስለ ሆነ፥ የዱር አሳማና ጦጣ እርከኑን ሲያጠፉ ገበሬው ቆርቆሮ እየመታ ከማባረር በቀር ሥልጣን የለውም። ወጣቱም የስድስት ወር ድካሙ በአንድ ሌሊት ሲገለበጥ አይቶ ወደ ከተማ ይወርዳል። እርከኑ ጠፍ ይሆናል፤ በጠፉም መሬት ላይ ቺር ይወጣል። በቀድሞ ዘመን ቅጠል የሚለቅም፥ መንገድ የሚጠርግ፥ ጢስ ባየ ጊዜ ሳይጠራ የሚሮጥ ጎረቤት በደኑ ዙሪያ ነበረ፤ ያ ጎረቤት ሲቀንስ ደኑ ያለ ዘበኛ ቀረ።

ከአልሞራ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ በቺታይ የሚባል ስፍራ፥ የአገሩ ሰው የፍርድ አምላክ የሚለው የጎሉ ቤተ መቅደስ አለ። ፍርድ ጐደለብኝ የሚል ሰው አቤቱታውን በወረቀት፥ አንዳንዱም ቴምብር በተመታበት የመንግሥት ወረቀት ላይ እየጻፈ ይሰቅላል፤ ጕዳዩ የተፈጸመለትም ደወል ያመጣል። በሺህ የሚቈጠሩ ደወሎችና ወረቀቶች በነፋስ ይወዛወዛሉ። የእኛ ሃይማኖት ሌላ ነው፤ ነገር ግን አቤቱታ በመቀበል እንጀራችንን የምንበላ ሰዎች ይህን ስንሰማ፥ ያ ሁሉ ወረቀት ወደ ዛፍና ወደ ጣራ የወጣው ስንት የጽሕፈት ቤት ደጅ ተዘግቶበት ይሆን ብለን ማሰባችን አልቀረም።

የመጨረሻው ነገራችን አሳዛኝ ነው። በ2024 የበጋው ድርቅ ብርቱ ነበረ፤ የኡታራካንድም ደን ከሚያዝያ ጀምሮ በብዙ ስፍራ ይነድድ ነበር። መንግሥት በግንቦት ወር፥ ፒሩል ለቅሞ ለሚያመጣ ሰው በኪሎ 50 ሩፒ እንደሚከፍል አስታወቀ፤ አሳቡ መልካም ነበረ፤ ነገር ግን በአንድ ወር ውስጥ ጋራ ሙሉ ቅጠል አይለቀምም። በሰኔ 13 ቀን በቢንሳር ክልል ውስጥ እሳት ተነሣ። ሊያጠፉ የሄዱ ስምንት የደን ሠራተኞች በነፋስ በተገለበጠው እሳት መካከል ተያዙ፤ አራቱ በዚያው ቀን ሞቱ፥ አራቱም ክፉኛ ተቃጠሉ። ከሞቱት መካከል በቀን ሙያተኛነት የሚያገለግሉ ነበሩበት። ደመወዛቸው ትንሽ ነበር፤ ልብሳቸውም እሳት የሚከላከል ልብስ አልነበረም። በየቤታቸው የሚጠብቋቸው ነበሩ። የክልሉን ካርታ ሣሉት፥ አዋጁንም ጻፉት ከምንላቸው ሰዎች መካከል በዚያን ቀን ከጢሱ አጠገብ የቆመ አንድ ስንኳ አልነበረም፤ ይህንን ስንጽፍ ከጸሐፊዎች ወገን መሆናችንን አልረሳንም።

እኛ ለዚህ ነገር የምንሰጠው አሳብ ከብዙ ሊቃውንት አሳብ የራቀ አይደለም። ክልሉ ይቈይ፤ ከክልሉ ዙሪያ ላሉት ሴቶች ግን መግቢያቸው፥ ወራታቸውና ሸክማቸው ተወስኖ ይፈቀድላቸው፤ የፒሩል መልቀሚያ ገንዘብም እሳቱ ከመነሣቱ ከአንድ ወር በፊት ሳይሆን ቅጠሉ መርገፍ ከሚጀምርበት ጊዜ ጀምሮ በእጃቸው ይቈጠር፤ ዘበኛውም ከሌላ አገር የሚላክ ሳይሆን ምንጩ የሚደርቅበት ሰው ይሁን። በአገራችን ርስታቸው ላይ ጥብቅ ደን ያላቸው፥ ወይም ስለ ደን በሚጻፍ ደንብ ላይ ፊርማቸውን የሚያኖሩ ጌቶችና እመቤቶች ይህን ጽሕፈት ያነበቡ እንደ ሆነ፥ ከጋራቸው በታች ያለችው ባለ እንስራ ስንት ሰዓት እንደምትሄድ ሰው ልከው እንዲያስጠይቁልን እንለምናቸዋለን፤ መልሱንም ቢጽፉልን በዚሁ ገጽ እናወጣዋለን።

በዚያ ዓመት በሰኔ መጨረሻ ዝናሙ ደረሰ፤ በጠቈረውም ቍልቍለት ላይ ቀድሞ የሚወጣው የቺር ቡቃያ ነው። ባንጅ ግን ዘሩ ከባድ ስለ ሆነ በነፋስ አይሄድም፤ ከላይኛው ደን ወርዶ የሚተከለው በወፍ ነው። ጥቁር ራስ ያለው፥ ክንፉ ሰማያዊ ጥለት የሚመስል አንድ ወፍ በዚያ ደን ይኖራል፤ የባንጅን ፍሬ በአፉ እየወሰደ ለክፉ ቀን ስንቅ ብሎ በየስፍራው ከአፈር ውስጥ ይቀብራል፤ ከቀበረውም ውስጥ የሚረሳው አለ።